ቁንጮና ሙክቱ

በሐይቅ ከተማ ውሻን በገመድ መርቶ የሄደ ሰው ከእኔ በፊት አልነበረም። ቢኖርም አላየሁም፤ ያየ ሰውም አልነገረኝም። በእኛ አገር ገመድ የበግ፣ የፍየልና የበሬ ነው። ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲያባርሩት ይሄዳል። እኔ ግን ከድመት ብዙ የማይበልጥ ውሻ ገርቼ፣ ገመዱ ሳይወጠር በአውራ ጎዳናው ላይ አሳልፌዋለሁ። ዕድሜዬ ስምንት ነበር። ከዚያ ወዲህ አርሻለሁ፣ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች ድሬያለሁ። በምን ትኮራለህ ብባል ግን ፊቴ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ያ ውሻ ነው።

የሰባ ዓመተ ምሕረት ክረምት ነበር።

ጎረቤታችን መምህር ኃይለ ኢየሱስ ስሜን መጻፍ ያስተማረኝ ሰው ነው። ደሴ የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አገሩ ሲገባ ቡችላውን ለእሱ ትቶለት ሄደ። ነጭ ነው፤ ጠጉሩ ዐይኑን ይሸፍነዋል፤ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ሕፃን ቁንጮ ብድግ ያለ ጠጉር አለው። መምህሩ ቁንጮ አለው። በኮቱ ውስጥ ሸጉጦት ሲሄድ ውሻው በአዝራሮቹ መካከል አንገቱን ያወጣል። ሰው ይስቃል፤ መምህሩም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ የሚያስለው ይመስላል።

በሰኔ ወር አንድ ጠዋት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው መምህሩን ወሰዱት። ያሰሩት ከሰፈራችን በማይርቅ፣ በመንገዱ ዳር ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ይህን ልጅም አዋቂም ያውቀው ነበር። ስንቅ በር ላይ ይቀበላሉ፤ ሰው አያስገቡም፤ ወሬ አይገባም፣ አይወጣም። ሚስቱ እትዬ አሰጋሽ በዚያ በኩል እንዳታልፍ ተከልክላለች። ሆዷ በጣም ገፍቶ ነበር።

መምህሩ ከመታሰሩ በፊት ከውጫሌ ገበያ አንድ ሙክት ገዝቶላት ነበር። ራሱ ጥቁር፣ ላቱ ሰፊ፣ ረጋ ያለ በግ ነው። "ይሄ ለአራስነትሽ ነው" ብሎ ጓሮ አሰረላት። ያን ሙክት ውኃው ዳር ወስጄ ሣር የማስግጠው እኔ ነበርኩ።

አንድ ቀን ሙክቱን መልሼ ሳስር እትዬ አሰጋሽ ጠራችኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ የመምህሩን አሮጌ ቀበቶ በመቀስ ታሳጥር ነበር።

"ሙዘይን፣ ና እስቲ የኔ ጌታ። ቁንጮን በገመድ መሄድ አስተምርልኝ።"

"ውሻ በገመድ አይሄድም እኮ፣ እትዬ።"

"የፈረንጅ ውሻ ይሄዳል።"

"ወዴት ነው የሚሄደው?"

"በመንገዱ ነዋ። በመጋዘኑ ፊት አልፎ እስከ ዋርካው፣ ከዚያ ተመልሶ። ግን እንዳይጮህ። በተለይ ወደ መጋዘኑ ግድግዳ እንዳይጎትትህ። ከጎተተህ አይሆንም።"

"ለምን?"

ቀበቶውን በቁንጮ አንገት ለካችው።

"የሚያይ ሰው አለ" አለች።

ይህ በቃኝ። በዚያ ሰሞን የቀበሌው ልጆች ሁሉ በየጠዋቱ ሜዳ ላይ ተሰልፈን ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ግራ ቀኝ እንማር ነበር። ሰልፉን የሚያይ ሰው ከደሴ ይመጣል፣ ያማረለትን ይመርጣል ይባላል። ስለዚህ ቁንጮ ሊሰለፍ ነው ማለት ነው። አሰላፊው ደግሞ እኔ ነኝ።

እናቴ ኡሙሰልማ ስትሰማ ጮኸች።

"ነጃሳ ነክተህ ቤቴ አትገባም! ምራቁ የነካው እጅ እንጀራዬን ሊቆርስ ነው? ስማው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!"

አባቴ ኑርዬ ማረሻ ይስል ነበር። ውሻ የማይወድ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤት ውሻ እንስራ ቢልስበት ውኃውን ደፍቶ፣ እንስራውን በአፈርና በውኃ ደጋግሞ ሳያጥብ አልተቀመጠም። ከእናቴ ብሶ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማረሻውን አስቀመጠና አየኝ።

"እጁን በአፈር ይታጠባል። ልብሱን ደጅ ይቀይራል" አለ። "ውሻውን ግን ይመራል።"

"አንተ ነህ ይህን የምትለው?"

"እኔ ነኝ።"

እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ስለ ውሻ ዳግመኛ አልተናገረችም። አባቴ በሰልፉ እንድመረጥ ፈልጎ ነው አልኩ በልቤ።

ያን ማታ አባቴና እትዬ አሰጋሽ በአጥሩ ሥር ሲነጋገሩ ሰማሁ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቁርጥራጩ ብቻ ይደርሰኛል።

"ካየው ይበቃዋል፣ አያ ኑርዬ።"

"ውሻው ከጮኸስ?"

"እሱን ነው የምፈራው።"

"ያን ጊዜ መስኮቱን ይመርጉታል። ደሴ ይወስዱታል። … አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ ልጁ አይቸኩልም።"

ቤቶች ለበዓሉ ሊመረጉ ነው መሰለኝ። ደሴ የሚለውን ስሰማ ደግሞ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ያማረለት ደሴ ወስደው ትልቁ ሰልፍ ላይ ያሰልፉታል አልኩ። በማግስቱ ቁንጮን "በርታ፣ ደሴ እንሄዳለን" አልኩት በጆሮው።

አሁን የማውቀውን ልናገር። የመጋዘኑ መስኮት በጣውላ ተመትቶ ነበር፤ ጣውላው ግን ስንጥቅ ነበረበት። ከዚያ የተፈታ አንድ ሰው ይህን ለአባቴ ነገረው። መምህሩ ቁንጮን በመንገዱ ሲያልፍ ካየ፣ ሚስቱ በቤቷ እንዳለች፣ እንዳልተያዘች ያውቃል። ቡችላው ግን የጌታውን ሽታ አውቆ ግድግዳውን ከቧጠጠ ጠባቂዎቹ ስንጥቁን ያገኙታል። በዚያ ዓመት ደሴ ከተወሰዱት የተመለሱት ጥቂት ናቸው። ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ያ ክር የሚያህል ገመድ ነው፤ የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አላወቅሁም።

ማስተማሩ እንዳሰብኩት አልሆነም። ገመዱን ሳስርለት ቁንጮ በጀርባው ተንጋለለ። ስጎትተው አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ታነቀ፣ ሳል ያዘው። ስለቅቀው ገመዱን በጥርሱ ይዞ አኘከው። ተሸክሜ መንገድ ላይ ሳኖረው በእግሮቼ መካከል ተሽሎክልኮ ጠልፎ ጣለኝ። የሰፈሩ ልጆች ተከትለው ይጮኻሉ።

"ሙዘይን ፍየል ገዛ! ያውም ጢም የሌላት!"

"ፍየልማ ትሄዳለች፤ ይሄ ጥጥ ነው!"

ማኘኩን በእሬት አስተውኩት። እናቶች ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራ ነው፤ ገመዱን ቀባሁት። ቁንጮ አንዴ ነከሰው፣ ምላሱን አወጣ፣ ሁለተኛ አልሞከረም። መሄዱ ግን እንቢ አለ። እኔ ስጎትት እሱ ይተክላል፤ እኔ ስቆም እሱ ይጎትታል።

አባቴ ወይፈን ሲገራ አይቻለሁ። ወይፈንን ብቻውን አይጠምደውም። ከነባር በሬ ጋር ነው የሚያጣምደው። ወይፈኑ ይዘላል፣ ይጎትታል፣ ይተኛል፤ ነባሩ በሬ ዝም ይላል። አይቆጣም፣ አይቸኩልም። ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲቆም ይቆማል። ወይፈኑ ከሰው ብዙ የማይማረውን ከበሬው ይማራል።

ለቁንጮ በሬ አልነበረኝም። ሙክቱ ግን አለኝ።

የቁንጮን ገመድ ከሙክቱ አንገት ጋር አሰርኩት። በበጉ ሆድ ሥር እንዳይገባ አሳጠርኩት፤ ሲተኛ እንዳያንቀው ትንሽ ተውኩለት። ሙክቱ ወደ ጎን አየው፤ ማመስኳቱን ቀጠለ። ቁንጮ ጮኸበት። ሙክቱ ሄደ። ቁንጮ እግሩን ተከለ፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ተጎተተና ተነሣ፤ በአራት እግሩ ቱስ ቱስ እያለ ከጎኑ ገባ። ሙክቱ ሣር ለመንጨት ሲቆም እሱም ቆመ። ሣሩን አሽትቶ አስነጠሰው።

በመንገዱ ያለፍን ቀን የሐይቅ ሰው እስኪበቃው ሳቀ። ሙክቱ በግራ፣ ቁንጮ በቀኝ፣ እኔ ከኋላ። መጋዘኑ በር ላይ ጠባቂው አምሳሉ ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። ከአብዮት ጠባቂነቱ በፊት ዓሣ እየዞረ ይሸጥ የነበረ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነው።

"አንተ የኑርዬ ልጅ! ማነው ማንን የሚጠብቀው? ውሻው በጉን ነው በጉ ውሻውን?"

"በጉ እያስተማረው ነው፣ ጋሼ።"

"ምን?"

"መሄድ።"

አምሳሉ ጉልበቱን መታ። "ወላዲቷ ድረሽ! ውሻ በግ አስተማሪ ተቀጠረለት! እኛን ደግሞ ማን ቢያስተምረን ይሻላል፣ ላም?"

ያን ጊዜ ከመጋዘኑ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። የሚያስለው የሚመስል ሳቅ ነው። ወዲያው ተቋረጠ፤ አፉን በእጁ የያዘ መሰለኝ። አምሳሉ ፊቱን አዙሮ በሩን በሰደፍ መታው። እኔ እስረኞቹም ወደዱልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ቁንጮ ግን ጆሮውን አቆመ። ከዚያ በሙሉ ኃይሉ ወደ ግድግዳው ተፈናጠረ። ገመዱ ተወጠረ፤ በኋላ እግሩ ቆመ፤ ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ ወጣ። ሙክቱ ንቅንቅ አላለም። እንደ ተተከለ ችካል ቆሞ አመሰኳ። ቁንጮ ሰባት ስምንት እጥፍ የሚከብደውን በግ ሊጎትት ታገለ፤ አልሆነለትም።

"ምን ሸቶት ነው?" አለ አምሳሉ፣ ወደ ግድግዳው እያየ።

"አጥንት ነዋ" አልኩት። "እናንተ ሥጋ ስትበሉ አጥንቱን ወደዚያ ትጥላላችሁ።"

እውነቴን ነበር። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። አምሳሉ ፊቴን አይቶ ውሸት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ አያገኝም ነበር።

"አጥንትማ ከየት መጥቶ!" አለና ተመልሶ ተቀመጠ። "ሂድ፣ መምህሩን ይዘህ ሂድ።" በጉን ማለቱ ነው።

ሙክቱ ሲበቃው ሄደ። ቁንጮም አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ ተከተለው።

እትዬ አሰጋሽ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። "ተማረ ወይ?" አላለችኝም። "ወደ ግድግዳው ጎተተ?" ነው ያለችኝ። "ጎተተ፤ ሙክቱ ያዘው" አልኳት። ተቀመጠች። በጉን በሁለት እጇ ራሱን ይዛ ግንባሩን ሳመችው። በግ ሲሳም ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንወጣ ጀመር። ዝናብ ሲጥል ጆንያ ለብሼ እወጣለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን አጣምሬ ነዳሁ። ቀጥሎ የቁንጮን ገመድ ከሙክቱ ፈትቼ በእጄ ያዝኩ፤ ሙክቱ ከጎኑ ይሄዳል። ግድግዳው ጋ ስንደርስ ቁንጮ ይንቀጠቀጣል፤ ሙክቱን ያያል፤ ሙክቱ ካልተጠጋ አይጠጋም። ገመዱን ሲያላላ አወድሰዋለሁ፤ ሲወጥር ዝም ብዬ እቆማለሁ። ዝም ብሎ መቆምን ከበጉ የተማርኩት እኔም ነኝ። ልጆቹ መሳቅ ተዉ፤ "እስቲ እኔም ልያዘው" ማለት ጀመሩ። አልሰጥም።

አንድ ቀን አባቴ ከእርሻ ሲመለስ ዋርካው ሥር ቆሞ አየን። ገመዱ በእኔና በውሻው መካከል ሆዱን ጥሎ ረግቧል። አባቴ የገመዱን መርገብ ነው ያየው፤ ገበሬ ነው።

"እንደ በሬ ገርተህ አወጣኸው" አለኝ።

አባቴ በሕይወቱ ያመሰገነኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አባቴ ወደ አምባሰል፣ አክስቴ መሪማ ጋ ላከኝና እዚያ አደርኩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሰፈሩ ጭጭ ብሏል። የእትዬ አሰጋሽ በር ተዘግቷል። ሙክቱ የሚታሰርበት ችካል ባዶ ነው። እናቴ ከዚያ ቤት ወጣች፤ ዐይኗ ቀልቷል፣ እጅጌዋ ተሰብስቧል። ውሻ የማትነካው እናቴ የቁንጮን ገመድ ራሷ ይዛ ሰጠችኝ።

"ቶሎ ውሰደው። በመንገዱ እለፍ።"

"ሙክቱስ?"

"ሙክቱን ተወው። ውሻውን ብቻ ይዞ ይለፍ ብላለች እትዬ አሰጋሽ። በል ሂድ፣ አትጨቅጭቀኝ!"

ገባኝ አልኩ። ቁንጮ ተመርቋል። አስተማሪ አያስፈልገውም። እትዬ አሰጋሽ አይታ ፈርዳለች።

እትዬ አሰጋሽ ሌሊቱን ሙሉ አምጣ፣ ጎሕ ሲቀድ ሴት ልጅ መውለዷን ያን ሰዓት አላወቅሁም። ሴቶቹ ሞተች ብለው ሁለት ጊዜ አልቅሰዋል። ከተረፈች በኋላም እልል አላሉም። በዚያ ክረምት በእስረኛ ቤት እልል የሚል አልነበረም፤ ምን አስደሰታችሁ የሚል ይመጣል። ስለዚህ ወሬው በእልልታ ፈንታ በሙክቱ መቅረት እንዲሄድ አሰቡ። መምህሩ በጉን ለምን እንደገዛው ያውቃል። ሲያጣው ታርዷል ይላል፤ ወለደች ይላል።

እኔ ግን ፊቴን ታጥቤ፣ የዒድ ሸሚዜን ማንም ሳያዘኝ ለብሼ ወጣሁ።

ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያብረቀርቃል። ደረቴን ነፋሁ። ሜዳ ላይ እንዳስተማሩን ክንዴን ወዘወዝኩ፤ አንዱን ብቻ፣ በሌላው ገመዱን ይዣለሁ። ቁንጮ ከእግሬ ሳይቀድም ሳይዘገይ ይሄዳል። አምሳሉ ሲያየን ብድግ አለ።

"በጉስ?"

"ቁንጮ ጨርሷል! ብቻውን ይሄዳል!"

"ኧረ ተው! እስቲ ልይ።"

ግድግዳው ጋ ደረስን። ቁንጮ ቆመ። ወደ ጎኑ አየ፤ ሙክቱ የለም። ወደ ግድግዳው አየ፤ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። እኔ እንደ ሙክቱ ቆምኩ። ገመዱን አልሳብኩም፣ አልተናገርኩም። ቡችላው ቀና ብሎ እኔን አየ። ከዚያ ዞሮ ከእግሬ ጎን ገባ። ገመዱ ረገበ።

አምሳሉ ጠመንጃውን አስተካክሎ እንደ ሹም ሰላምታ ሰጠኝ። ለቀልድ ነበር። እኔ ግን በቁም ነገር ተቀበልኩት። አገጬን ወደ ላይ አድርጌ፣ ወደ መጋዘኑ ዞሬ፣ ሰልፉን ለሚያየው ሰው እንደሚደረገው አለፍኩ። ከውስጥ ምንም ድምፅ አልመጣም።

መስከረም ሁለት ቁንጮን አጥቤ፣ አበጥሬ ሜዳው ዳር ቆምኩ። ሰልፉ አለፈ፤ ከበሮው አለፈ፤ የጠራን የለም። አለቀስኩ። አባቴ ትከሻዬን ያዘ።

"ማየት ያለበት ሰው አይቶታል" አለኝ። የሚያጽናናኝ መሰለኝ።

መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ተፈታ፤ ሳምንት ሳይቆይ ሚስቱን፣ ልጁንና ውሻውን ይዞ ከአገራችን ወጣ። ዳግመኛ ያየሁት መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እኔም ራሴ በሁለት በሬ የማርስ፣ ልጆች የወለድኩ ሰው ሆኛለሁ። ሸብቶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ከአንዲት ጎልማሳ ሴት ጋር ደጄ መጣ። "ያቺ ናት" አለኝ፣ ወደ ልጁ እየጠቆመ። አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"ስንጥቋ ጠባብ ነበረች" አለኝ። "በአንድ ዐይን ነው የሚታየው። በተራ እናያለን፤ ከሰዓት በኋላ የእኔ ተራ ነው። ውሻዬን ከበግ ጋር ተጣምዶ ያየሁት ቀን ሳቄን መያዝ አቃተኝ።"

"ሰማሁዎት" አልኩት።

"በኋላ አንድ ቀን ሙክቱ ቀረ። ታረደ፣ ወለደች ብዬ ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ታየኝ። በግ ለአራስ ብቻ አይታረድም፣ ሙዘይን። ለልቅሶኛም ይታረዳል። አሰጋሽም አባትህም ይህን አላሰቡትም፤ ደስታው አስረስቷቸዋል። እኔ ግን ከጣውላው ኋላ ነበርኩ።"

ልጁ አባቷን ታያለች። ታሪኩን እንደምታውቀው ከፊቷ ያስታውቃል።

"ታዲያ እንዴት አወቁ?"

"አንተን አየሁህ። በዒድ ሸሚዝ፣ ደረትህን ነፍተህ፣ አገርን የገዛህ መስለህ። ከሞት ቤት የወጣ ልጅ እንዲያ አይራመድም። ለጓደኞቼ ‘ደህና ናት፣ ወልዳለች’ አልኳቸው። ጨርቅ አፋችን ላይ ይዘን እልል አልን።"

ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔ እኮ ምንም አላውቅም ነበር፣ መምህር" አልኩት። "የኮራሁት በውሻው ነው። ለመስከረም ሁለት ሰልፍ የምናሰለጥነው መስሎኝ ነበር።"

ያ የሚያስለው የሚመስል ሳቁ መጣ። እስኪያልቅ ጠበቅሁት።

"ሰልፉንማ አይቼዋለሁ" አለ ዐይኑን እየጠረገ። "አንድ ልጅና አንድ ውሻ ነበሩ።"

ሲመሽ ልሸኛቸው ወጣሁ። በመጋዘኑ ፊት አልፈን እስከ ዋርካው ሄድን። ከዘራው ስላለ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፤ እኔም አልቸኮልኩም። አገጬን ግን ቀና አድርጌ ነበር።